ከጀርመን ፊሎሎጂ ወደ ዪዲሽ፦ ስለ ማክስ ቫይንራይኽ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰን በጀርመን አገር የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በማጠናቀቅ ላይ ካሉ አንባቢ ነው። የሚመለከተውም ዪዲሽን፣ ማለትም የመካከለኛውና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ የሚናገሩትን ቋንቋ፣ ሲሆን ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ «ስለ ማክስ ቫይንራይኽ በክፍል ውስጥ ተነግሮን ነበር። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ የሠለጠነ የጀርመን ፊሎሎጂ ምሁር ሆኖ ሳለ ያንን ትቶ ወደ እናቱ ቋንቋ ወደ ዪዲሽ እንደ ተመለሰ ሰምቻለሁ። እኔም ለዶክትሬት የዪዲሽንና የጀርመንን ሥነ ጽሑፍ አያይዤ ለማጥናት አስባለሁ፤ ነገር ግን እሱ የራሱን ቋንቋ ነው ያጠናው፣ እኔ ግን ከውጭ የመጣሁ ነኝ። ዪዲሽ የጀርመንኛ ዘዬ እንደ መሆኑ ጀርመንኛዬ ይበቃኛል? በላቲን ፊደል የተጻፉትን ብቻ እያነበብሁ፣ የቫይንራይኽን የዪዲሽ ቋንቋ ታሪክ መነሻ አድርጌ ብጀምርስ? ‹ቋንቋ ማለት ጦር ሠራዊትና ባሕር ኃይል ያለው ዘዬ ነው› ያለው እሱ ከሆነ፣ ዪዲሽ ዘዬ መሆኑን ራሱ አምኖ ተቀብሏል ማለት አይደለም?»

ዪዲሽ የቫይንራይኽ የአፍ መፍቻ ቋንቋ አልነበረም። የተወለደው በ1894 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው በኩርላንድ፣ ጎልዲንገን በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ከተማዋ ዛሬ ኩልዲጋ እየተባለች በላትቪያ ትገኛለች። በኩርላንድ የባላባቱም የነጋዴውም የተማረውም ሰው ቋንቋ ለብዙ ዘመን ጀርመንኛ ስለ ነበር፣ በዚያ ይኖሩ ከነበሩት የአይሁድ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በቤታቸው ጀርመንኛ ይነጋገሩ ነበር፤ የቫይንራይኽም ቤት እንዲሁ ነበር። ዪዲሽን የያዘው በልጅነቱ ማብቂያ ላይ፣ ቡንድ እየተባለ የሚጠራው የአይሁድ ሠራተኞች የሶሻሊስት ንቅናቄ ሲስበው ነው። በ1897 በቪልና የተመሠረተው ቡንድ ሠራተኛውን ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ ማስተማርና ማደራጀት ይገባል ብሎ ያምን ነበርና፣ ቫይንራይኽ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ለንቅናቄው ጋዜጣ በዪዲሽ መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ በሃያኛው መቶ ዓመት የዪዲሽን ጥናት ከማንም በላይ የቀረጸው ምሁር ቋንቋውን ተምሮ የያዘ ሰው ነው። ከውጭ መምጣትዎ እንቅፋት ይሆናል ብለው አይስጉ፤ እንቅፋት የሚሆነው ከጀርመንኛ ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት ግምት ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የጀርመንን ፊሎሎጂ (የቋንቋና የጽሑፍ ጥናት) «ትቶ» የሚለውም ትክክል አይደለም። ቫይንራይኽ በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ፣ በፔትሮግራድ ዩኒቨርሲቲ፣ የጀርመንን ፊሎሎጂ አጠና፤ ከአብዮቱ በኋላ በቪልና በጋዜጠኝነት ከሠራ ወዲህ ወደ በርሊን ተሻገረ፤ በመጨረሻም በማርቡርግ በፈርዲናንድ ቭሬደ መሪነት የዶክትሬት ሥራውን በ1923 ፈጸመ። ማርቡርግ በዚያን ጊዜ የጀርመንኛ ዘዬዎች አትላስ የሚዘጋጅበት ስፍራ ነበረች። ሥራውን የጀመረው ጌኦርግ ቬንከር በ1876 አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ለየመንደሩ መምህራን ልኮ፣ መምህራኑም በየአካባቢያቸው አነጋገር ጽፈው እንዲመልሱለት ያደረገ ሰው ነው። ተራው ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ለሳይንስ የሚበቃ ነገር መሆኑን፣ መረጃውም በቤተ መጻሕፍት ሳይሆን በሺህ በሚቆጠሩ ፈቃደኛ ሰዎች እጅ የሚሰበሰብ መሆኑን ቫይንራይኽ ያየው እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረገው ሁሉ፣ ይህ የእኔ ፍርድ ነው፣ የማርቡርግን መሣሪያ ተረክቦ የጀርመኖቹ ሊቃውንት ዪዲሽን ያዩበትን ዓይን መቃወም ነበር።

የዶክትሬት ሥራው ርዕስ ራሱ ይህን ያሳያል። የዪዲሽን ዘዬዎች ከመመልከቱም በላይ፣ ከእሱ በፊት ስለ ዪዲሽ ማን፣ ለምን ዓላማ እንደ ጻፈ ይመረምራል። ከአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ዪዲሽን ያጠኑት ክርስቲያን ጀርመኖች በአብዛኛው ዕብራይስጥ ለመማር መሸጋገሪያ የፈለጉ ሊቃውንት፣ አይሁድን ወደ ክርስትና ለመመለስ የተነሡ ሰባኪዎች፣ ከነጋዴዎች ጋር የሚዋዋሉ ሰዎች፣ በኋላም የሌቦችን ቋንቋ የሚከታተሉ የፖሊስ ሹማምንት ነበሩ። ዮሐን ክሪስቶፍ ቫገንዛይል በ1699 ያሳተመው የዪዲሽ ማስተማሪያ ከእነዚህ በጣም የታወቀው ነው። ለእነዚህ ጸሐፊዎች ዪዲሽ በአይሁድ አፍ የተበላሸ ጀርመንኛ ነበር፤ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የተነሡት የአይሁድ የብርሃን ዘመን አራማጆችም ያንኑ ንቀት ወርሰው ሕዝባቸውን ወደ ንጹሕ ጀርመንኛ ሊያሻግሩ ደከሙ። እርስዎ እንደ ተራ ዕውቀት የጠቀሱት «የጀርመንኛ ዘዬ» የሚለው አባባል እንግዲህ የብዙ መቶ ዓመታት ታሪክ ያለው አቋም እንጂ የቋንቋ ሳይንስ ግኝት አይደለም። ይህ የቫይንራይኽ ጽሑፍ በዕድሜው ሳለ አልታተመም፤ መጽሐፍ ሆኖ የወጣው በ1993 ነው። በጀርመን ፊሎሎጂ ሠልጥኖ ወደ ዪዲሽ የሚሻገር ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው ይህን ነው።

ዪዲሽ ታዲያ ምንድን ነው? የቫይንራይኽ መልስ «የቀለጠ ቋንቋ» የሚል ነው፤ ይኸውም ከአራት ምንጮች የተቀዳ ነገር እርስ በርሱ ቀልጦ አዲስ ሥርዓት የሆነበት ቋንቋ ማለት ነው። ምንጮቹ ዕብራይስጥና አራማይክ፣ አይሁድ ከፈረንሳይና ከኢጣሊያ ይዘዋቸው የመጡት ከላቲን የተወለዱ ቋንቋዎች፣ ጀርመንኛ፣ እንዲሁም የስላቭ ቋንቋዎች ናቸው። እሱ ራሱ ለማስረጃ የሚጠቅሳት ዓረፍተ ነገር «ኖኽን ቤንትሽን ሆት ዴር ዜይዴ ጌኮይፍት አ ሴይፈር» የምትል ናት፤ «ከማዕድ ጸሎት በኋላ አያታችን የሃይማኖት መጽሐፍ ገዛ» ማለት ነው። ማዕድ መባረኩ ከላቲን ወገን፣ አያቱ ከስላቭ፣ መጽሐፉ ከዕብራይስጥ፣ መግዛቱና ማሰሪያው ሁሉ ከጀርመንኛ መጥተዋል፤ የዪዲሽ ተናጋሪ ግን ይህን ሲናገር ከቋንቋ ወደ ቋንቋ አይዘልም፤ አንድ ቋንቋ ነው የሚናገረው። ጀርመናዊ አንባቢ ከዚህ ዓረፍተ ነገር መግዛቱን ብቻ ይረዳል፤ ማን ምን እንደ ገዛ፣ መቼም እንደ ገዛ አይገባውም። ጀርመንኛዎ ምን ያህል እንደሚያደርስዎ በዚህ ይለኩት።

የዕብራይስጡ ክፍል ከሌሎቹ የሚለየው በቃላት ብዛት አይደለም፤ የቋንቋው አእምሮ የተሠራበት በመሆኑ ነው። በአሽከናዝ አይሁድ (በጀርመንና በምሥራቅ አውሮፓ በኖሩት አይሁድ) ዘንድ የኦሪትና የታልሙድ፣ ማለትም የአይሁድ ሕግና ትርጓሜ ስብስብ፣ ቋንቋ ዕብራይስጥና አራማይክ ነበር፤ የቤቱና የገበያው ቋንቋ፣ ከሁሉም በላይ ቅዱሱ መጽሐፍ ለልጆች የሚተረጎምበት ቋንቋ ደግሞ ዪዲሽ ነበር። መምህሩ የዕብራይስጡን ቃል ይጠራል፤ ተማሪው ቃል በቃል በዪዲሽ ይፈታል፤ ለዚህ ፍቺ ብቻ የሚያገለግል ጥንታዊ የዪዲሽ አነጋገርም ነበር። በእኛ ጉባኤ ቤት ንባቡ በግእዝ ሆኖ ትርጓሜው በአማርኛ የሚወርድበትን ሥርዓት ያየ ሰው፣ ሁለቱ ቋንቋዎች ባላንጣ ሳይሆኑ በአንድ ሕይወት ውስጥ ሥራ ተከፋፍለው የሚኖሩበትን ይህን ሁኔታ ለመረዳት ከጀርመናዊ የክፍል ጓደኛው ይልቅ ይቀናዋል። ቫይንራይኽ ይህን የውስጥ ሁለት ቋንቋነት ብሎ ሰይሞታል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከሐሳቦቹ ሁሉ ጸንቶ የቆመው ይህ ይመስለኛል።

ስለ ጦር ሠራዊቱና ስለ ባሕር ኃይሉ የተነገረውን በሚመለከት ሁለት እርማት ያስፈልጋል። አባባሉን በጽሑፍ ያኖረው በእርግጥ ቫይንራይኽ ነው፤ ጊዜው ጥር 1945፣ ቦታው ኒው ዮርክ፣ አጋጣሚውም የዪቮ (የዪዲሽ ሳይንሳዊ ተቋም) ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ያደረገው ንግግር ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ንግግር ውስጥ ከአንድ አድማጩ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ መጥቶ በብሮንክስ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ከነበረ ሰው እንደ ሰማው በግልጽ ተናግሯል። ሁለተኛው እርማት የትርጉም ነው። ቫይንራይኽ አባባሉን ያመጣው ዪዲሽ ዘዬ መሆኑን ለመቀበል አልነበረም፤ አንድ አነጋገር ቋንቋ ይባል ዘዬ የሚወስነው የሥልጣን ሚዛን እንደ ሆነ፣ መንግሥት የሌለው ሕዝብ ቋንቋም በዚህ ምክንያት ብቻ እንደሚናቅ ለማሳየት ነው። የተናገረውም የቋንቋው ተናጋሪዎች በሚሊዮን በተገደሉበት ዘመን ነበር። በምርምር ሐሳብዎ ውስጥ ይህን ጥቅስ እንደ ቀልድ አያስገቡት።

ከማርቡርግ በኋላ ወደ ቪልና ተመለሰ። ቪልና በዚያን ጊዜ በፖላንድ ሥር ነበረች፤ የዛሬዋ የሊትዌንያ ዋና ከተማ ቪልንዩስ ናት። እዚያም የታወቀውን ሐኪም የጼማኽ ሻባድን ልጅ ሬጊናን አገባ፤ በዪዲሽ መምህራን ማሠልጠኛም አስተማረ። በ1923 በቋንቋና በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ላይ ያዘጋጃቸውን አራት ጥናቶች በበርሊን፣ በ1928 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች እስከ ልብ ወለድ ጸሐፊው ሜንዴሌ ሞይኸር ስፎሪም የሚደርስ የዪዲሽ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ መጽሐፉን በቪልና አሳተመ። ብዙ ሰዎች ቫይንራይኽን በቋንቋ ሊቅነቱ ብቻ ያውቁታል፤ እርስዎ ግን የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነዎትና ይህን የ1928ቱን መጽሐፍ እንዳያልፉት አደራ እላለሁ።

ዪቮ፣ ማለትም የዪዲሽ ሳይንሳዊ ተቋም፣ የተፀነሰው ኖኹም ሽቲፍ የተባለ ምሁር በበርሊን ባዘጋጀው የ1925 ማስታወሻ ነው። ሐሳቡን በቪልና ሥጋ ያለበሱት ግን ቫይንራይኽና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ተቋሙ መጀመሪያ ሥራውን ያከናወነው በቫይንራይኽ መኖሪያ ቤት ነበር። ፊሎሎጂ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚና ስታትስቲክስ፣ ሥነ ልቦናና ትምህርት የሚባሉ አራት ክፍሎች ነበሩት። መንግሥት ስላልነበረው የሚደግፈው በጀት አልነበረም፤ የነበረው በየከተማውና በየመንደሩ ያለ ሕዝብ ነው። ሰብሳቢዎች የሚባሉ ፈቃደኞች፣ ብዙዎቹም መደበኛ ትምህርት ያልገፉ ሰዎች፣ ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈን፣ የአካባቢ አነጋገር፣ የመቃብር ጽሑፍ፣ የቲያትር ማስታወቂያ ሳይቀር እየሰበሰቡ ወደ ቪልና ይልኩ ነበር። የማርቡርግ ዘዴ እዚህ ላይ ሌላ ነፍስ ዘራ፤ በማርቡርግ የመንደሩ መምህር መረጃ አቀባይ ብቻ ነበር፤ በዪቮ ግን ሰብሳቢው የሥራው ባለቤት ነበር።

በ1931 በቪልና በአይሁድ ላይ ሁከት ሲነሣ ቫይንራይኽ በተወረወረ ድንጋይ አንድ ዓይኑ ክፉኛ ተጎዳ። በሚቀጥለው ዓመት በሮክፌለር ድርጅት የገንዘብ ድጋፍ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በዬል ዩኒቨርሲቲ በቋንቋ ሊቁ በኤድዋርድ ሳፒር የምርምር ጉባኤ ተሳተፈ፤ የአሜሪካን ደቡባዊ ግዛቶች ዞሮም በመድሎ ሥር የሚያድጉ ጥቁር ወጣቶች ስለ ራሳቸው ምን እንደሚሰማቸው መረመረ። ፍለጋው ወዲያው ወደ አገሩ ይመልሰዋል፤ የተጠላ ሕዝብ ልጅ ሆኖ ማደግ በወጣቱ ልብ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ ለፖላንድ አይሁድ ወጣቶች አቅርቦ በ1935 መጽሐፍ አወጣበት። የዚሁ ሥራ አካል ሆኖ ዪቮ ወጣቶች የሕይወት ታሪካቸውን ጽፈው እንዲልኩ ሦስት ጊዜ ውድድር አወጀ፤ ከ600 በላይ ጽሑፎች ተሰበሰቡ። ጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ተገደሉ፣ ከጥፋቱ የተረፉት ጽሑፎች በሌላ በምንም አይተኩም። በዚህ መካከል የፍሮይድን የሥነ ልቦና ትንተና መግቢያ ንግግሮች ወደ ዪዲሽ ተርጉሟል፤ የተረጎመበት ምክንያትም ማንኛውም ሳይንስ በዪዲሽ ሊነገር እንደሚችል በተግባር ለማሳየት ነው።

መስከረም 1939 ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ቫይንራይኽ ከታላቅ ልጁ ከኡሪኤል ጋር በብራሰልስ ሊካሄድ ወደ ታቀደ የቋንቋ ሊቃውንት ጉባኤ በመጓዝ ላይ ሆኖ በኮፐንሃገን ነበር። ወደ ቪልና መመለስ አልተቻለም፤ በ1940 አባትና ልጅ ኒው ዮርክ ገቡ፤ ባለቤቱና ታናሽ ልጁም በኋላ ደረሱላቸው። በቪልና የቀረው የዪቮ ንብረት የደረሰበትን ግን በዝርዝር ማወቅ ይገባዎታል፤ ምክንያቱም ያጠፋው መሃይም ወታደር ብቻ አይደለም። ጀርመኖች ከተማዋን ከያዙ በኋላ መጻሕፍቱን ሊዘርፍ የመጣው ቡድን በፍራንክፈርት ለተከፈተው «የአይሁድን ጥያቄ» አጥኚ ለተባለ ተቋም የሚሠራ ነበር፤ ከመሪዎቹ አንዱ ዮሐነስ ፖል በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ የተማረ ሰው ነው። የተመረጠው ወደ ፍራንክፈርት እንዲላክ፣ የቀረው ወደ ወረቀት ፋብሪካ እንዲጣል ታዘዘ። መጻሕፍቱን በግዴታ የሚያስለዩአቸው የጌቶው (አይሁድ ታጉረው የሚኖሩበት ሰፈር) ምሁራን፣ ከእነርሱም ባለቅኔዎቹ አቭሮም ሱትስኬቨርና ሽመርኬ ካቸርጊንስኪ፣ ብራናና መጽሐፍ በልብሳቸው ሥር ሸሽገው እያስገቡ በጌቶው ውስጥ ቀበሩ። የቫይንራይኽ የሥራ ባልደረባ ዜሊግ ካልማኖቪች በኢስቶኒያ ካምፕ ሞተ። ወደ ጀርመን የተላከው ስብስብ ከጦርነቱ በኋላ በኦፈንባኽ በአሜሪካውያን እጅ ተገኝቶ በ1947 ኒው ዮርክ ደረሰ።

ቫይንራይኽ በ1946 ያሳተመው «የሂትለር ፕሮፌሰሮች» የተባለው መጽሐፍ የተወለደው ከዚህ ነው። በተማረኩ ሰነዶችና በራሳቸው በጀርመን ሊቃውንት ኅትመቶች ላይ ተመሥርቶ፣ ከታሪክ እስከ ሕክምና፣ ከሥነ ልሳን እስከ ሕግ ያሉ ሙያዎች ለግድያው እንዴት ሐሳብ፣ ቃላትና ባለሙያ እንዳቀረቡ ስም እየጠራ ያሳያል። መጽሐፉ በቁጣ የተጻፈ ነው፤ ቁጣው ግን ማስረጃውን አላደበዘዘበትም። በጀርመን ዩኒቨርሲቲ በዪዲሽ ላይ ለመሥራት የሚነሣ ሰው ይህን ሳያነብ የምርምር ሐሳብ መጻፍ የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ የሚገለገሉባቸው መዝገበ ቃላትና የድሮ ጥናቶች በማን እጅ፣ በምን ዘመን እንደ ተዘጋጁ የመጠየቅን ልማድ ያስተምራልና።

በ1947 በኒው ዮርክ ሲቲ ኮሌጅ የዪዲሽ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የቀረውን ዕድሜውን የወሰደው ግን የዪዲሽ ቋንቋ ታሪክ ነው። ልጁ ኡሪኤል በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ፣ በ1949 የዪዲሽ ማስተማሪያውን፣ በ1953 ስለ ቋንቋዎች ንክኪ የጻፈውን ታላቅ መጽሐፍ አበርክቶ፣ በ1967 ገና በአርባ ዓመቱ በካንሰር ሞተ፤ አባቱ በጥር 1969 ተከተለው። ኡሪኤል ያዘጋጀው የዪዲሽና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1968 ከሞቱ በኋላ ታተመ፤ የአባትየው ባለ አራት ቅጽ ታሪክም በዪዲሽ የወጣው ደራሲው ካለፈ በኋላ በ1973 ነው። ከአራቱ ቅጾች ሁለቱ ማስታወሻዎች ብቻ ናቸው።

ስለዚህ መጽሐፍ ወሰን ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ቫይንራይኽ ዪዲሽ የተጀመረው በ1000 ዓመት ገደማ በራይንና በሞዘል ወንዞች ዳር፣ በጥንታዊ የአይሁድ አጠራር ሎተር በሚባለው አካባቢ ነው ብሎ ያስተምራል። እንዳለውም የታወቀው እጅግ ጥንታዊ የዪዲሽ ዓረፍተ ነገር፣ የጸሎት መጽሐፉን ወደ ምኵራብ ለሚሸከም ሰው የተጻፈች ምርቃት፣ በ1272 በተጻፈው የቮርምስ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ቮርምስም የራይን ከተማ ናት። ነገር ግን የምሥራቅ አውሮፓ ዪዲሽ የጀርመንኛ ክፍሉ ከራይን አካባቢ አነጋገር ይልቅ ወደ ባየርንና ወደ ምሥራቅ መካከለኛ ጀርመን ያደላል የሚሉ ሊቃውንት መከራከሪያቸው ጠንካራ ነው፤ ዛሬ የራይኑን መነሻ እንደ ተረጋገጠ እውነት ማቅረብ አይቻልም። በሌላው ጠርዝ ዪዲሽ በመሠረቱ የስላቭ ቋንቋ ነው የሚለው የፖል ቬክስለር ሐሳብ ጥቂት ተቀባዮች ብቻ ያሉት ስለሆነ በእሱ ላይ ሥራዎን አይገንቡ። ሌላም ጉድለት አያለሁ። ቫይንራይኽ ሁሉን ነገር ከታልሙድ መንገድ፣ ማለትም በታልሙድ ከሚመራው ሕይወት፣ ሲያፈልቅ የምሁሩ ወንድ ዓለም መሐል ላይ ይቆማል፤ የጥንቱ የዪዲሽ ሥነ ጽሑፍ ግን በብዛት ዕብራይስጥ ላልተማሩ ሴቶች፣ በሴቶችም የተነበበ ነው፤ «ጼነ ሬነ» የተባለው የኦሪት ትረካና የሐምልኗ የግሊክል የሕይወት ማስታወሻ ያለዚህ አንባቢ አይታሰቡም።

አሁን ወደ እርስዎ ምርጫ። በመካከለኛው ዘመን ጽሑፎች ላይ ልሥራ ቢሉ የመካከለኛው ከፍተኛ ጀርመንኛ (የዚያ ዘመን የጀርመንኛ ጽሑፍ ቋንቋ) ዕውቀት ግዴታ ነው፤ በዚህ መስክ የጀርመን አሳታሚዎች የጥንት የዪዲሽ ጽሑፎችን በጀርመንኛ አጻጻፍ ገልብጠው ያቀረቡበት ጊዜ ስላለ፣ ያለ ዋናው ጽሑፍ ማንኛውንም ቅጂ አይመኑ። በዋርሶና በቪልና ሥነ ጽሑፍ ላይ ልሥራ ቢሉ ፖላንድኛ ወይም ሩሲያኛ ይጠይቅዎታል። የእርስዎ ጀርመንኛ እውነተኛ ሀብት የሚሆንበት ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ይኸውም ሁለቱ ሥነ ጽሑፎች ፊት ለፊት የተገናኙበት የሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በጀርመንኛ ይጽፍ የነበረው የፕራጉ ደራሲ ካፍካ በየካቲት 1912 በፕራግ ለጀርመንኛ ተናጋሪ አድማጮች ስለ ዪዲሽ ባደረገው ንግግር፣ ዪዲሽ ወደ ፈረንሳይኛ ሊተረጎም እንደሚችል፣ ወደ ጀርመንኛ ሲተረጎም ግን እንደሚጠፋ ተናግሯል፤ በ1920ዎቹ ደግሞ የዪዲሽ ጸሐፊዎቹ ዴር ኒስተርና ሞይሼ ኩልባክ ለጊዜው በበርሊን ኖረዋል፤ ሌላው የዪዲሽ ጸሐፊ ዶቪድ ቤርግልሶን እዚያው ረጅም ዓመታት ኖሮ ስለ ስደተኛው ከተማ ታሪኮች ጽፏል። ምክሬ አንድ ነው፤ በዚህ በሦስተኛው ይሥሩ።

የላቲን ፊደሉን ሐሳብ ግን ዛሬውኑ ይተዉት። በላቲን ፊደል የሚገኘው የማስተማሪያ መጽሐፍና የመዝሙር ቃል ነው፤ ሥነ ጽሑፉ በዕብራይስጥ ፊደል ነው የታተመው። ፊደሉን ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ይበቃል። ከዕብራይስጥ የመጡት ቃላት ግን አናባቢ ሳይጻፍላቸው በጥንት አጻጻፋቸው ስለሚጻፉ በቃል መያዝ አለባቸው። በእስራኤል የኖሩ ወይም ዕብራይስጥ የተማሩ አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ይቀናቸዋል፤ የአሽከናዝ አጠራር ከዛሬው የእስራኤል አጠራር የተለየ መሆኑን ብቻ ልብ ማለት አለባቸው። በሶቪየት ኅብረት የታተሙ መጻሕፍት፣ የቤርግልሶን ኋለኛ እትሞችም ጭምር፣ የዕብራይስጥ ቃላትን እንደ ድምፃቸው ስለሚጽፉ ያው ቃል በሁለት መልክ ይገጥምዎታል፤ ስሕተት አይደለም።

በጀርመን የዪዲሽ ወንበር ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ትሪርና ዱሰልዶርፍ ናቸው። ዋና መምህርዎ የጀርመን ሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር ቢሆኑ እንኳ ከሁለቱ በአንዱ ሁለተኛ አማካሪ ሳይዙ ሥራውን አይጀምሩ፤ የዪዲሽ ጽሑፍን የማያነብ አማካሪ ከላይ ካነሣሁት አሮጌ ግምት ሊያወጣዎ አይችልም። በዘርፉ የሚገኘው የማስተማር ቦታ ጥቂት ስለሆነም በጀርመን ሥነ ጽሑፍ ስም መመዝገብዎ ይጠቅምዎታል። ዪቮ በኒው ዮርክ የሚሰጠው በኡሪኤል ቫይንራይኽ ስም የተሰየመው የበጋ ትምህርት ለጀማሪም ለተራመደም ይሆናል፤ በአሜሪካ የሚገኘው የዪዲሽ መጻሕፍት ማዕከል ደግሞ ከ11,000 በላይ መጻሕፍትን በነጻ በኢንተርኔት አቅርቧል።

ቅደም ተከተሉን በዚህ ይያዙት። የመጀመሪያውን ዓመት ለኡሪኤል ማስተማሪያና ለዕብራይስጥ መሠረት ይስጡ፤ ከዚያ አጫጭር ልብ ወለዶችን በዋናው ፊደል እያነበቡ የአባትየውን የማርቡርግ ሥራ በጀርመንኛ፣ ቀጥሎም «የሂትለር ፕሮፌሰሮች»ን ያንብቡ። ታላቁን የቋንቋ ታሪክ የሚከፍቱት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ዪዲሽዎ ገና ካልጠነከረ በ2008 ከሙሉ ማስታወሻዎቹ ጋር በወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠቀሙ፤ ማስታወሻ የሌለውን የ1980 ኅትመት ግን ለዶክትሬት ሥራ አይጥቀሱት።